«ትለምጂዋለሽ!»

ሥራ በገባችሁ በመጀመሪያው ቀን የምትሰሟት አንዲት ቃል አለች፤ «ትለምጂዋለሽ»። ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ወረቀት ሲነክስ «ትለምጂዋለሽ»፤ አለቃ ሲቆጣ «ትለምጂዋለሽ»፤ ሰርቪስ ጥሎሽ ሲሄድ «ትለምጂዋለሽ»። እውነታቸውን ነው፣ ይለመዳል። ሰው የማይለምደው ነገር የለም። እኔን እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይቺው ቃል አዲስ መድኃኒት በሰው ላይ በሚሞከርበት ክፍል ውስጥ ስትነገረኝ ዝም ብዬ መዋጤ ነው።

ነገሩን ለማታውቁት ባጭሩ ላስረዳ። አንድ መድኃኒት ፋርማሲ መደርደሪያ ላይ ከመቀመጡ በፊት ፈቃደኛ በሆኑ ሰዎች ላይ ይሞከራል። ክሊኒካል ትራያል ይሉታል። ወረቀቱ ላይ ስሙ በትልቁ የሚጻፈው ዋና ተመራማሪው ነው። ከሕመምተኛው ጋር ፊት ለፊት ተቀምጣ ጥናቱን የምታስረዳው፣ ፈቃዱን የምትቀበለው፣ በሰዓቱ ደም የምትቀዳው፣ የተረፈውን ክኒን የምትቆጥረው፣ «ትናንት ማታ አስመለሰኝ» ሲላት የምትመዘግበው ግን ነርሷ ናት። ስተዲ ነርስ ትባላለች። እኔም አንዷ ነበርኩ። የት እንደሆነ አልናገርም። ቦታውን ከተናገርኩ «አሃ፣ እዚያ ቤት ነው እንዲህ የሚሠራው» ብላችሁ ትገላገላላችሁ፤ እኔ ደግሞ እንድትገላገሉ አልፈልግም።

የመጣሁት ከውስጥ ደዌ ዎርድ ነው። ደም መቅዳት፣ መርፌ መውጋት፣ ግሉኮስ ማንጠልጠል ማንም አያስተምረኝም። ሲቀጥሩኝም «ነርስ ነሽ አይደል? ሥራው ያው ነው» አሉኝ። ያው አልነበረም። ዎርድ ውስጥ አንድ ጥያቄ ነው ያለው፤ «ይህን ሰው እንዴት እንርዳው?» ጥናት ውስጥ ሌላ ይጨመራል፤ «ይህ ሰው ምን ውስጥ እንደገባ ያውቃል ወይ?» ዎርድ ውስጥ የጨነቀኝን የምጠይቃት ሄድ ነርስ አለች፣ ተረኛ ሐኪም አለ፣ አጠገቤ የሚሠሩ ጓደኞች አሉ። እዚህ በር የተዘጋበት ክፍል ውስጥ ብቻዬን ነኝ። ኮሌጅ እያለን የምርምር ዘዴ የሚባል ኮርስ ወስደናል። ናሙና ማስላት፣ መጠይቅ ማዘጋጀት ተምረናል፣ መመረቂያ ጽሑፋችንንም አስጠርዘን አስረክበናል። ሕመምተኛው «ከጥናቱ ልውጣ» ቢል ምን እንደሚደረግ ግን ያስተማረን የለም።

ታዲያ ሥልጠናዬ ምን ነበር? ሁለት ነገር። አንደኛው በኢንተርኔት የሚወሰድ «ጉድ ክሊኒካል ፕራክቲስ» የሚሉት ኮርስ ነው፤ በእንግሊዝኛ፣ በምርጫ ጥያቄ፣ እስኪያልፉ ድረስ መሞከር የሚቻልበት። በአንድ ከሰዓት ጨርሼ ሰርተፊኬቴን አተምኩ። ሁለተኛው በሆቴል አዳራሽ የተሰጠ የአንድ ቀን ገለጻ ነው፤ ሰማንያ ምናምን ስላይድ፣ ሁለት የሻይ እረፍት፣ አንድ ጥሩ ምሳ። ከምሳ በኋላ ስለ ፈቃድ አቀባበል የሚናገሩት ስላይዶች ሲመጡ ተናጋሪው «ይህን መቼም ታውቁታላችሁ» ብሎ አለፋቸው። እኛም እንደሚያውቅ ሰው ራሳችንን ነቀነቅን። ሰኞ ዕለት የክፍል ቁልፍና አንድ ካርቶን ፎርም ተሰጠኝ። ግራ የገባኝን ስጠይቅ ምን እንደተባልኩ አርእስቱ ላይ አለላችሁ።

እናላችሁ፣ በሦስተኛው ቀን አንዲት እናት መጡ። ማንበብ አይችሉም። የፈቃድ ወረቀቱን አነበብኩላቸው፤ አነበብኩላቸው ስል እንደ ውል ሰነድ አንበለበልኩት ማለቴ ነው። ጸጥ ብለው ሰሙኝና አንድ ነገር ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ መሀል ላይ ሰልችቶኝ ብተወው መድኃኒት ትከለክሉኛላችሁ?»

አላውቅም ነበር። የምጠይቀው ሰውም አጠገቤ አልነበረም። ውጭ አግዳሚው ላይ አራት ሰው ይጠብቃል። «አላውቅም» ማለት ደግሞ ነጭ ጋዋን ለብሶ የሚባል ነገር አልመሰለኝም። «ኧረ በፍጹም እማማ፣ ምንም አይሆኑም!» አልኳቸው፤ በሰፊው ፈገግ ብዬ።

«እንግዲህ አንቺ ካልሽ፣ እኔ ምን አውቃለሁ» አሉና አውራ ጣታቸውን ሰጡኝ።

ማታ ቤቴ ገብቼ ወረቀቱን እንደ አዲስ አነበብኩት። መልሱ አራተኛው ገጽ ላይ ነበር። ከጥናቱ የወጣ ሰው ወደ ሆስፒታሉ መደበኛ ሕክምና ይመለሳል፤ ነገር ግን ለራሱ ደኅንነት ሲባል ለተወሰነ ጊዜ እየተመላለሰ እንዲታይ ይጠየቃል። ግምቴ ግማሹ ልክ ነበር። እንቅልፍ የነሳኝ የተሳሳተው ግማሽ ብቻ አይደለም፤ ልክ የሆነውም በዕድል ልክ መሆኑ ነው። ማንበብ ለማይችል ሰው ከጥናቱ ቡድን ውጭ የሆነ ገለልተኛ ምስክር አብሮ መቀመጥ እንዳለበት ያወቅኩት ደግሞ ከዚያም በኋላ ነው። የዚያን ቀን ምስክር ብዬ ያስፈረምኳት አብራኝ የምትሠራውን ልጅ ነበር።

እዚህ ላይ «አንቺ ሰነፍ ስለሆንሽ ነው፣ ወረቀቱን አስቀድመሽ አታነቢም ነበር?» የሚለኝ ይኖራል። አንብቤው ነበር! ማንበብና ሰው ሲጠይቅህ መመለስ ግን አንድ አይደሉም። ቋንቋው ራሱ ወጥመድ አለው። «ምርምር» እና «ምርመራ» የአንድ ሥር ልጆች ናቸው። እኔ «ምርምር ላይ እንዲሳተፉ» ስል ሕመምተኛው የሚሰማው «ምርመራ» ነው፤ ደም ታይቶ፣ ራጅ ተነሥቶ፣ ውጤት የሚነገርበት። ነጻ ምርመራ ማን ይጠላል? ማን የትኛው ቡድን እንደሚገባ በዕጣ እንደሚለይ ስናገር ደግሞ ብሔራዊ ሎተሪ ይመስላቸዋል፤ አዲሱ መድኃኒት የደረሰው ዕድለኛ፣ ያልደረሰው የተበደለ። አዲሱ መድኃኒት የተሻለ ይሁን የባሰ ገና የሚያውቅ ሰው እንደሌለ፣ ጥናቱም ለዚሁ እንደሚደረግ ማስረዳት እንዴት ከባድ መሰላችሁ! እስቲ ደግሞ ፕላሴቦን ለአባታችሁ በአማርኛ አስረዱ። «የውሸት መድኃኒት» ካላችኋቸው ሊያጭበረብሯቸው የመጡ ነው የሚመስላቸው።

ይህን ሁሉ «እንዲህ ብለሽ ጀምሪ፤ ሲጨርሱ በራሳቸው አፍ መልሰው እንዲነግሩሽ አድርጊ፤ ያልገባቸውን ከዚያ ታውቂዋለሽ» ብሎ የሚያሳይ ሰው ያስፈልጋል። መጀመሪያ የሚያውቀው ሲሠራ አይቶ፣ ቀጥሎ እየታዩ ሠርቶ ነው የሚመጣው። እንደሚቻልም የራሳችን አገር ምስክር ነው። ወላይታ ውስጥ ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለውን የእግር እብጠት ከዘር ጋር ያለውን ግንኙነት ለማጥናት የተነሡ ተመራማሪዎች ፈቃድ መጠየቅ ከመጀመራቸው በፊት ሰዉ በማን፣ በምን አቀራረብ ቢጠየቅ እንደሚሻል ከራሱ ከማኅበረሰቡ ጋር ተነጋገሩ። «በዘር ይተላለፋል» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ቤተሰብን ልታስገልል እንደምትችልም አስቀድመው አሰቡበት። ሥራቸውንም እ.ኤ.አ. በ2009 አሳትመውታል። ጊዜ ሰጡት፣ ሆነ።

አባቶች «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉት ለዚህ ነው። እኔ ግን ጥምጥሙን አስቀድመው አደረጉልኝ።

ቀጥሎ ሰዓቱ መጣብኝ። መድኃኒቱ በተዋጠ በዚህን ያህል ሰዓት ደም ይቀዳ ይላል መመሪያው። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ቀዳሁ፣ 2:00 ብዬ ጻፍኩ። ፎርሙ የሚያውቀው ግን 8:00ን ነው። በወረቀቱ መሠረት በእንቅልፍ ሰዓት ሰው ቀስቅሼ ደም ቀድቻለሁ ማለት ነው! ቀኑስ? «በሰባ ሰባት ድርቅ ነው የተወለድኩት» የሚል ሰው የልደት ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር ስትሞሉ ምን ትጽፋላችሁ? «ጳጉሜን 3 አተኮሰኝ» ሲልስ? (ሴፕቴምበር 8 ነው፤ አሁንማ በሕልሜም አውቀዋለሁ።) በየአራት ዓመቱ መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ላይ ይውልና እስከ የካቲት ድረስ ቀኑ ሁሉ በአንድ ይገፋል። ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ አንድ የቀን መለወጫ ወረቀትና የአሥር ደቂቃ ማብራሪያ ይበቃው ነበር። አላገኘሁትም። ያገኘሁት ከወር በኋላ የመጣው ሞኒተር በቀይ ምልክት የሞላው ዝርዝርና «እንዴት ይህን አታውቂም?» የሚል ጥያቄ ነው። ጥሩ ጥያቄ ነበር። የተጠየቀው ግን የተሳሳተው ሰው ነው።

የሰዓቱ ስሕተት ይታረማል። በአንድ ሰረዝ ትሰርዙታላችሁ፣ ትክክለኛውን ትጽፋላችሁ፣ ፊርማና ቀን ታኖራላችሁ። (ይህንንም የተማርኩት ፍሉይድ ቀብቼበት ከተቆጡኝ በኋላ ነው።) የሚቀጥለው ግን በሰረዝ የሚታረም አይደለም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ስልኬ ጮኸ። የአንድ ተሳታፊ ወንድም ነው። ሰውየው ድንገት ታሞ ሌላ ሆስፒታል ተኝቷል። «እግዚአብሔር ይማርልን፣ ሰኞ መጥቼ አየዋለሁ» አልኩ፤ ከልቤ ነው ያልኩት። ሰኞ ለተመራማሪው ስነግረው ፊቱ ጠቆረ። አንድ ተሳታፊ ሆስፒታል ከተኛ ወዲያው ሪፖርት መደረግ አለበት፤ የእኛ ፕሮቶኮል የሚለው በ24 ሰዓት ውስጥ ነው። ምክንያቱ ደግሞ ወረቀት አይደለም። ያሳመመው መድኃኒቱ ከሆነስ? ያንኑ ክኒን ቅዳሜ ማታም፣ እሑድ ማታም የዋጡ ሌሎች ሰዎች አሉ። እኔ ሰኞን ስጠብቅ እነሱ እየዋጡ ነበር።

ደግነቱ መድኃኒቱ እንዳልሆነ ታወቀ፣ ሰውየውም ዳነ። አሁንም ዕድል! ከዚያ ሪፖርት ተጻፈ። «የተወሰደ የማስተካከያ እርምጃ» በሚለው ቦታ ላይ ምን የተባለ ይመስላችኋል? «ነርሷ ዳግም ሥልጠና ተሰጥቷታል»። ዳግም! ወገኖቼ፣ «ዳግም» የሚለው ቃል እኮ አንደኛውን ይፈልጋል። አንደኛው የታለ? ዳግመኛው ሥልጠና ደግሞ «አንብቤ ተረድቻለሁ» በሚል ወረቀት ላይ መፈረም ነበር። ፈረምኩ። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል ማለት ይኸው ነው።

ይህ የእኔ የግሌ ብሶት ብቻ ቢሆን ኖሮ ለጓደኞቼ በማኪያቶ ላይ አውርቼው ይበቃኝ ነበር። ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1996 በሰሜን ናይጄሪያ ካኖ ከተማ የማጅራት ገትር ወረርሽኝ ገብቶ ነበር። ፋይዘር ትሮቫን የተባለ መድኃኒቱን 200 ያህል ሕፃናት በተሳተፉበት ጥናት ሞከረ፤ ግማሾቹ ትሮቫን፣ ግማሾቹ የተለመደውን ሴፍትሪያክሶን ወሰዱ። ከሁለቱም ወገን በድምሩ 11 ሕፃናት ሞቱ። ቤተሰቦች «ሙከራ መሆኑን የነገረን የለም» ብለው ከሰሱ። ኩባንያው ጥፋት አላመነም። የገደላቸው በሽታው ነው አለ፤ ፈቃድም በቃል ተጠይቋል፣ ያስረዱትም የአገሩ ነርሶች ናቸው ሲል ተከራከረ። በ2009 ከካኖ ግዛት ጋር በ75 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ላይ ተደረሰ።

«ያስረዱት ነርሶች ናቸው» የምትለዋን ልብ በሉልኝ። የሕጉን ክርክር ለሕግ ሰዎች ልተወውና ነገሩ ሲበላሽ ጣት ወዴት እንደሚቀሰር ተመልከቱ። ታዲያ እነዚያን ነርሶች ማን፣ ስንት ቀን፣ በምን ቋንቋ አሠለጠናቸው? ይህን ጥያቄ የሚያነሣ ስንት ሰው ነው?

የሚገርመው ደንቡ አለ። በዚያው በ1996 የወጣው፣ በ2016 የተሻሻለው፣ በጃንዋሪ 2025 ደግሞ እንደገና ታድሶ የወጣው ዓለም አቀፉ የክሊኒካል ጥናት መመሪያ በጥናት ላይ የሚሠራ ማንኛውም ሰው ለሚሠራው ሥራ በትምህርት፣ በሥልጠናና በልምድ ብቁ ይሁን ይላል። ተመራማሪው ሥራውን ለሌላ ሰው ቢያካፍል እንኳ ኃላፊነቱ ከትከሻው እንደማይወርድም ይናገራል። ኮርሱ ላይ ይህ ጥያቄ ወጥቶ ነበር፤ በትክክል መለስኩት።

«ገንዘብ የለም» ይሉናል። እንነጋገር። ያ ጥናት ናሙና በደረቅ በረዶ አሽጎ በአውሮፕላን የሚልክበት ገንዘብ ነበረው። ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ የሚያቀዘቅዝ ፍሪዘር ነበረው፤ መብራት ቢጠፋ የሚነሣ ጄኔሬተር ነበረው፤ ሙቀቱ ከፍ ካለ የሚጮኽ አላርም ነበረው፤ አላርሙ ሌሊት ቢጮኽ የሚደወልለት ሰው ስሙና ስልኩ በሩ ላይ ተለጥፎ ነበር። ተሳታፊ ቅዳሜ ቢታመም እኔ ለማን እንደምደውል ግን የትም አልተለጠፈም። ለፍሪዘሩ የታሰበለትን ያህል ለነርሷ ቢታሰብላት ምናለ?

«እንዲህ እየጻፋችሁ ጥናት ከአገር እንዲሸሽ ታደርጋላችሁ» የሚሉም አሉ። እኔ የጥናት ጠላት አይደለሁም። መድኃኒት የተለማመደውን ቲቢ ለማከም 20 ወር ይፈጅ የነበረውን ሕክምና ወደ 9 ወር ገደማ ማሳጠር እንደሚቻል ያሳየው፣ ውጤቱ በ2019 የታተመው ስትሪም የተባለ ጥናት ከተካሄደባቸው አራት አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። ካላዛርና ኤችአይቪ አብረው ለያዟቸው ሰዎች የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ላወጣው የሕክምና ምክር መሠረት ከሆኑት ጥናቶች አንዱ ጎንደርና አብደራፊ ላይ የተሠራ ነው። በዚያ ሁሉ መሀል ደም የቀዳች፣ ክኒን የቆጠረች፣ ያስረዳች ነርስ ነበረች። እንዲህ ዓይነት ሥራ እንዲበዛ ስለምፈልግ ነው የምጮኸው። ጥናት የሚያሸሸው የነርስ ጩኸት ሳይሆን አንድ ቀን ዕድል ፊቷን ያዞረች ጊዜ የሚፈጠረው ነገር ነው።

ምን ይደረግ? ሮኬት ሳይንስ አይደለም። ሥራ የሚከፋፈልበት ዴሊጌሽን ሎግ የሚሉት ቅጽ አለ፤ ነርሷ «ፈቃድ መቀበል» በሚለው ላይ ከመፈረሟ በፊት ቢያንስ ሦስት ጊዜ የሚያውቅ ሰው ሲሠራ ትይ፣ ሦስት ጊዜ ደግሞ እሷ ስትሠራ ትታይ። ሥልጠናው ከሕመምተኛው ጋር በምታወራበት ቋንቋ ይሁን፤ አማርኛ ከሆነ በአማርኛ፣ ኦሮምኛ ከሆነ በኦሮምኛ። በማንኛውም ሰዓት የሚነሣ አንድ የሐኪም ስልክ ይኑራት። የምትለቀው ነርስ አዲሷን አንድ ሁለት ሳምንት አብራት ሠርታ ታስረክብ፤ ካርቶንና ቁልፍ ርክክብ አይደለም። የሥነ ምግባር ኮሚቴዎቻችን ደግሞ የፈቃድ ወረቀቱን ቃል በቃል እያረሙ ሦስት ጊዜ የሚመልሱትን ያህል «ይህን ወረቀት ማን ነው የሚያነበው? እሷንስ ማን አስተማራት? በጀቱ የትኛው መስመር ላይ ነው?» ብለው ይጠይቁ። መልስ ከሌለው አያጽድቁ።

ለእናንተ ለእህቶቼና ለወንድሞቼ ደግሞ አንድ ነገር ልበል። ኮንትራታችን በየስድስት ወሩ እንደሚታደስ አውቃለሁ። ከዎርድ ደመወዝ እንደሚሻል አውቃለሁ። «አልሠለጠንኩም» ማለት «አባርሩኝ» ማለት እንደሚመስልም አውቃለሁ፤ እኔም ዝም ያልኩት ለዚህ ነው። ግን እየቻልን በሄድን ቁጥር «ያው ይሠራል እኮ» ይባላል። የእኛ መቻል የእነሱን ቀዳዳ የምትደፍን ጨርቅ ሆናለች። ስለዚህ ያልታያችሁበትን ሥራ «ሠልጥኛለሁ» ብላችሁ አትፈርሙ። ጥያቄያችሁን በአፍ ሳይሆን በጽሑፍ፣ በኢሜይል ጠይቁ፤ ቀን ይኖረዋል። ብቻችሁን አትጠይቁ፤ ሁለት ሦስት ሆናችሁ ጠይቁ። ሕመምተኛው ፊት ደግሞ የማታውቁትን አትመልሱ።

የኋለኛዋን ያስተማሩኝ እኚያ እናት ናቸው። በሁለተኛው ቀጠሯቸው ሲመጡ ልቤ እየመታ አስቀመጥኳቸው። «እማማ፣ ባለፈው የጠየቁኝን በደንብ አልመለስኩልዎትም። ጥናቱን ቢተዉ የሆስፒታሉ ሕክምና አይቋረጥብዎትም፤ ለደኅንነትዎ ግን ለጥቂት ጊዜ እየተመላለሱ እንዲታዩ እንጠይቅዎታለን። አሁንም ካልፈለጉ መተው ይችላሉ» አልኳቸው። ይቆጣሉ ብዬ ነበር። አልተቆጡም። ትንሽ አሰቡና «እቀጥላለሁ» አሉኝ። ከዚያ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ዞር ብለው አዩኝ።

«ታዲያ ልጄ፣ ያን ጊዜ ለምን ‹ጠይቄ ልምጣ› አላልሽኝም? እጠብቅሽ ነበር እኮ።»